ሁለት አውራ በአንድ ጓሮ፦ ማስታረቅ፣ መለየት ወይስ መሸጥ?

ባለፈው ዓመት የካቲት መጨረሻ ላይ ነው። ፍኖተ ሰላም፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገደማ። ጥርሴን እየፋቅሁ በር ላይ ቆሜያለሁ። የጎረቤቴ ልጅ በአጥሩ ቀዳዳ አንገቱን አስግጎ «ጋሼ፣ ይድረሱ! ገብስማውና ቀዩ ተያይዘዋል!» አለኝ።

ወደ ጓሮ ሮጥሁ። ሁለቱ ጎረምሶች የአንገታቸውን ላባ እንደ ጃንጥላ ዘርግተው ተፋጠዋል። ራሳቸውን ዝቅ፣ ከዚያ እኩል ዝላይ። እግርና ደረት ሲጋጭ ድምፁ ይሰማል። የቀዩ አናት ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ተሰንጥቆ ደም በዓይኑ ላይ ይወርዳል። ሴቶቹ ዶሮዎች? እነሱማ የበተንሁትን በቆሎ እየለቀሙ ነው። ጠቡ በእነሱ ነው፤ እነሱ ግን ቀና ብለውም አላዩም።

ያኔ 9 ሴትና 4 ጎረምሳ አውራ ነበሩኝ። በሁለት ወር ውስጥ የሚሠራ ስህተት ሁሉ ሠራሁ። በዱላ ገላገልሁ። ለይቼ አስሬ መልሼ ቀላቀልሁ። በመጨረሻም መሸጥ ያልነበረብኝን ሸጥሁ። ከዚያ ወዲህ ያሉት አማራጮች ምን ምን እንደሆኑ፣ የትኛው መቼ እንደሚያዋጣ በደንብ ገብቶኛል። ጓሮው ውስጥ አውራ የሚደባደብበት ሰው ከዚህ በታች ያለውን አይቶ ይምረጥ።

መግባት ወይስ መተው?

አውራ ዶሮ ሲጣላ ሁሉ መሮጥ አያስፈልግም። ዶሮዎች ደረጃ አላቸው። ማን ቀድሞ ይበላል፣ ማን ቆጥ ላይ ከፍ ብሎ ያድራል፣ ማን ለማን መንገድ ይለቃል፣ ሁሉም የተወሰነ ነው። ቶርሌፍ ሼልደሩፕ-ኤበ የሚባል ኖርዌጂያዊ ከልጅነቱ ጀምሮ የቤታቸውን ዶሮዎች እየተከታተለ ማን ማንን እንደሚነቁር ሲመዘግብ ኖሮ በ1921 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ደረጃ ለሳይንስ ሰዎች ጽፎ አሳወቀ። የእኛ እናቶች ያለ ደብተር ያውቁት የነበረ ነገር ነው።

ጎረምሳ አውራ አምስት ወር አካባቢ ሲሞላው ደረጃውን መፈተን ይጀምራል። ድምፁ እንደ ተሰነጠቀ መለከት ሆኖ «ኩኩ... ሉ...» ሲል የሰማችሁ ቀን፣ ጠቡ ደጃፍ ደርሷል ማለት ነው።

የሚተው ጠብ አጭር ነው። ሁለት ሦስት ዝላይ፣ ትንሽ ንቁሪያ፣ ከዚያ አንዱ ጀርባውን ሰጥቶ ይሮጣል። አሸናፊው ጥቂት አባሮ ይቆማል፣ ክንፉን መትቶ ይጮኻል። አበቃ። በዚህ መሃል ከገባችሁ ያላለቀ ክርክር ነው የምታቋርጡት። ነገ ከመጀመሪያው ይቀጥላል። እኔ በዱላ ስገላግል የሆነው ይኸው ነው። አንድ ቀን ሊያልቅ የሚችለውን ጠብ ሳምንት አስረዘምሁት።

የማይተው ጠብ ምልክቱ ሌላ ነው። ደም ከታየ አንድ። ዶሮ ቀይ ነገር ካየ ይነቁራል፤ የቆሰለውን አውራ ሴቶቹም ጭምር ተባብረው ይጨርሱታል። ተሸናፊው ሮጦም ካልተለቀቀ ሁለት። ሦስተኛውና ብዙ ሰው የማያስተውለው ደግሞ ጸጥ ያለው ነው። ጠብ አይታይም፣ ነገር ግን አንዱ አውራ ቀኑን ሙሉ ከቆጥ አይወርድም፣ ወይም ራሱን ጥግ ውስጥ ቀብሮ ይቆማል። ውኃና መብል ጋ መድረስ አልቻለም ማለት ነው። በሳምንት ውስጥ ደረቱን ስትዳብሱት አጥንቱ እንደ ቢላ ጠርዝ ይሰማችኋል።

መግባት ካለባችሁ በዱላም በባዶ እጅም አትግቡ። የእግሩ እሾህ እጅ ይሸረክታል። ባዶ ማዳበሪያ ወይም አሮጌ ጋቢ አንዱ ላይ ጣል አድርጉ። ወይም እንቅብ ድፉበት። ጨለማ ውስጥ የገባ ዶሮ ወዲያው ይረጋጋል። ቁስሉን ፈልቶ በበረደ የጨው ውኃ አጥባችሁ፣ ደሙ እስኪደርቅና ቅርፊት እስኪይዝ ብቻውን ይቆይ።

መጀመሪያ ቁጠሩ

አማራጭ ከመምረጣችሁ በፊት ሴቶቹን ቁጠሩ። ለአንድ አውራ 8 ወይም 10 ሴት ይበቃል። ቀልጣፋ የሀገረሰብ አውራ ከሆነ 12ም ይችላል። 20 ሴትና ሰፊ ጓሮ ያለው ሰው ሁለት አውራ ቢይዝ፣ ሁለቱ መንጋውን ተካፍለው አንዱ በአጥሩ ወዲህ፣ ሌላው በአጥሩ ወዲያ ሊኖሩ ይችላሉ። 9 ሴት ላይ 4 አውራ ግን መድኃኒት የለውም። የእኔ ችግር የቁጥር ነበር፤ እኔ ግን የጠባይ አድርጌው «ይሄ ቀዩ ተንኮለኛ ነው» እያልሁ ወር አቃጠልሁ።

ስትቆጥሩ የጎረቤትንም አውራ አትርሱ። እኛ አገር ዶሮ አጥር አያውቅም። የጎረቤት አውራ በቀን አምስት ጊዜ ብቅ ካለ እሱም የእናንተ ነው ማለት ነው፤ ለጠብም፣ ለዘርም።

ቁጥሩ ልክ ሆኖ ጠብ ካለ፣ የጓሮውን አያያዝ ማስተካከል ከሁሉም ርካሹ አማራጭ ነው። ጠዋት በሩን አርፍዶ መክፈት የታፈነ ጉልበት በአንዴ ያወጣል፤ ማልዳችሁ ክፈቱ። እህሉን አንድ ቦታ አትከምሩ፣ በሰፊው በትኑት። ውኃ ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ ከሌላው የማይታይበት ቢሆን ይመረጣል። የእንጨት ክምር፣ የተዘነበለ ቆርቆሮ፣ የጌሾ ቁጥቋጦ፣ ተሸናፊው ዞር የሚልበት ነገር ይኑር። ባዶ ሜዳ ላይ የሚያባርር ይይዛል። ይህ ሁሉ ሳንቲም አያስወጣም። መካከለኛ ጠብ ያበርዳል፤ የ4 ለ9ን ችግር ግን አይፈታም።

መለየት፦ ለጥቂት ቀን፣ ለዘለቄታው፣ ወይስ የወንደላጤ ቤት?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። እኔም እዚሁ ነው የተሳሳትሁት።

ገብስማውን ለይቼ ስምንት ቀን አቆየሁት። በርዶለታል ብዬ ስመልሰው ከመጀመሪያው የባሰ ጠብ ተነሣ። ለካ ዶሮ ከመንጋው ለቀናት ከራቀ ሲመለስ እንደ እንግዳ ነው የሚቆጠረው። ቦታው ተይዟል። ደረጃውን እንደ አዲስ ተዋግቶ ማግኘት አለበት። ስለዚህ ለቁስል ብቻ ከሆነ በአንድ ሁለት ቀን፣ ቢቻል እዚያው ጓሮ ውስጥ ሌሎቹ በሚያዩት ቅርጫት ሥር አቆይቶ መመለስ ይሻላል። ከዚያ በላይ የሚያስቆይ ከሆነ፣ ለዘለቄታው ይለይ። መሃል ላይ ያለው መንገድ ከሁሉም የከፋው ነው።

«ማታ ቆጥ ላይ ሲተኙ ቀላቅለው» የሚባለው ዘዴስ? ለሴት ዶሮ ጥሩ ይሠራል። ለአውራ ግን ጠቡን እስከ ንጋት ያቆየዋል እንጂ አያስቀረውም። ቢያንስ ግን ሲነሡ አጠገባቸው እንድትገኙ ሰዓቱን ታውቃላችሁ።

ሦስተኛው አማራጭ የወንደላጤ ቤት ነው። ሁሉንም ትርፍ አውራዎች አንድ ላይ፣ ሴት በሌለበት ቤት ማኖር። መጀመሪያ ስሰማው ሳቅሁ። እሳትን በነዳጅ ማጥፋት መሰለኝ። ግን ይሠራል። አብረው ከጫጩትነት ያደጉ ከሆኑ፣ ሴትም ካላዩ፣ ሁለት ሦስት ቀን ተጋፍተው ይረጋጋሉ። ሁሉም በአንድ ቀን፣ እኩል ይግቡ። ኋላ አንድ ብቻውን ከጨመራችሁ አለቀለት። አንዱን አውጥታችሁ ከሴቶቹ ጋር ካዋላችሁትም አትመልሱት።

ቤቱ ውድ መሆን የለበትም። የእኔ ቀርከሃና ባሕር ዛፍ ነው። ወደ እንጅባራ ወገን ቀርከሃው ሞልቷል፤ የሚጭን መኪና ካገኛችሁ ብዙ አያስወጣም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ግድግዳው ከታች እስከ ጉልበት ድረስ ድፍን ይሁን። ሽቦ ብቻ ካደረጋችሁት ውጭ ካለው አውራ ጋር በሽቦው ቀዳዳ ሲዋጉ ይውላሉ። መንቆራቸውና አናታቸው ይላጣል። እኔ አሮጌ የቆርቆሮ ቁራጭ ዙሪያውን ሰካሁበት፤ በማግስቱ ጸጥ አለ። ጣራና ጠንካራ በር ደግሞ ለሸለምጥማጥ ነው። የተቆለፈበት ዶሮ ማምለጫ የለውም፤ አንድ ቀዳዳ ካገኘ በአንድ ሌሊት ሁሉንም ይፈጃል።

የዚህ አማራጭ ጉዳቱ መብሉ ነው። ጓሮ የሚዞር ዶሮ ትሉን፣ ሣሩን፣ የወደቀውን እህል ራሱ ጭሮ ይበላል። የተዘጋበት ሙሉ በሙሉ ከእጃችሁ ነው የሚጠብቀው። ሒሳቡን ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ማሰርስ?

በየመንደሩ የምታዩት ነው። እግሩን በገመድ፣ ገመዱን ከካስማ ጋር። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው። ለአንድ ቀን፣ ለምሳሌ ገበያ እስኪወሰድ ድረስ፣ ችግር የለውም። ከዚያ በላይ ግን አልመክርም። የታሰረ አውራ ከጠላቱ መሸሽ አይችልም፤ ያልታሰረው መጥቶ ይደበድበዋል። ከጭልፊትም፣ ከውሻም አያመልጥም። ቀጭን ሲባጎ ከሆነ እግሩን ቆርጦ ይገባል። ካሰራችሁትም ከጨርቅ የተገመደ ሰፋ ያለ ገመድ ይሁን፣ ሌላ አውራ የማይደርስበት ጥላ ሥር፣ ውኃው አጠገቡ። «ዶሮን ሲደልሏት በመጫኛ ጣሏት» የሚባለው ለተረት እንጂ ለእውነተኛ ዶሮ አይሆንም።

መሸጥ፦ አሁን ወይስ ለበዓል?

ከሁሉም በላይ ማሰብ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱም የዶሮ ጠብና የዶሮ ዋጋ በአንድ ሰዓት አይገናኙም።

እዩት እስኪ። እኛ አካባቢ ብዙ ሰው ክረምቱ ሲወጣ ያስታቅፋል። በ21 ቀን ይፈለፈላል። ጥቅምት ላይ የወጣ ጫጩት አምስት ወር የሚሞላው መጋቢት ላይ ነው። መጋቢት ምንድን ነው? ሁዳዴ። ጎረምሶቹ ደም የሚፋሰሱት ልክ ዶሮ የሚበላ ሰው በጠፋበት ወር ነው። እኔም ያኔ ያስቸገረኝ ቀዩ ሆኖ ሳለ፣ ተናድጄ ገብስማውን ታቅፌ ገበያ ወረድሁ። አንድ ወጣት ነጋዴ ደረቱን ዳበሰ፣ እግሩን አየ፣ ዋጋ ጠራ። ሳቅሁ።

«በሁዳዴ ዶሮ ማን ይበላል ጋሼ?» አለኝ። «ለፋሲካ ላስቀምጠው ብዬ እንጂ።»

«ታዲያ አንተ ለማስቀመጥ ከገዛኸው፣ እኔስ ለምን አላስቀምጠውም?»

«እርስዎማ ቢያስቀምጡት ኖሮ ይዘውት አይመጡም ነበር» ብሎ ሳቀ። ልክ ነበር። ሸጥሁለት።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ያደገ ዶሮ በቀን ከ100 እስከ 120 ግራም ይበላል። መካከሉን 110 ያዙ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ከመግቢያው ጀምሮ ዘግታችሁ ብትቀልቡት ከ6 ኪሎ ትንሽ የሚበልጥ እህል ይፈጃል። ጠቡ የተጀመረው ፋሲካ አንድ ወር ሲቀረው ከሆነ 3 ኪሎ ከ300 ግራም ያህል ነው። እንግዲህ የሰፈራችሁን የበቆሎ ዋጋ ጠይቁ። በዓል ዋዜማ ያለውን የአውራ ዋጋ ካለፈው ዓመት ታስታውሳላችሁ። የበዓሉ ጭማሪ ከእህሉ ዋጋ ከበለጠ ዝጉና ያዙ፤ ካነሰ ዛሬውኑ ሽጡ። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ወገን፣ በቆሎ በሚመረትበት፣ አብዛኛውን ጊዜ መያዙ ያዋጣል። እህል ገዝቶ ለሚቀልብ የከተማ ሰው፣ ለምሳሌ ደብረ ማርቆስ ግቢ ተከራይቶ ለሚኖር፣ ሒሳቡ ጠባብ ነው። ለዚያውም የጎረምሳ ጩኸት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ ሲሰማ ሌላው ተከራይ ምን እንደሚል አስቡ።

ፉርሽካ እየደባለቁ መስጠት ወጪውን ይቀንሳል። አተላም ይሰጣል፤ ግን በአተላ ብቻ ያደረ አውራ ለበዓል ክብደት አያነሣም። ገዥ ደግሞ የሚዳብሰው ደረቱን ነው።

ሌሎቹ በዓላት ይቀላሉ። መጋቢት ላይ የተፈለፈለ ለእንቁጣጣሽ ስድስት ወር ይሞላዋል። መጣላት የሚጀምረው ሐምሌ መጨረሻና ነሐሴ ላይ ነው፤ የፍልሰታ ጾም ደግሞ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ነው። የሚጠበቀው አጭር ነው። ለገና ያላችሁ ከሆነ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባልና፣ ከዚያ በፊት መወሰን ወይም እስከ ታኅሣሥ 28 መያዝ ነው።

ማረድስ? በፍስክ ወቅት ከሆነ ከሁሉም ቀላሉ ነው። አስቸጋሪውን አውራ መሸጥ ማለት ለሌላ ሰው ችግር ማስተላለፍም ነውና፣ እኔ ከሽያጭ ይልቅ ማሰሮውን የምመርጥበት ጊዜ አለ። «ዶሮ ጭራ ጭራ ካራ አወጣች» አሉ። አንድ ጎረቤቴ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ናቸው። እኛ ዘንድ ዶሮ የሚያርድ ወንድ ስለሆነ በየጊዜው ሰው መለመን ሰልችቷቸው ሁሌም ይሸጣሉ። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ምክንያት አለው።

መለዋወጥ፣ ወይም ጨርሶ አለመያዝ

ገንዘብ ካላስቸገራችሁ የምወደው አማራጭ መለዋወጥ ነው። ሌላ ቀበሌ ካለ ዘመድ ጋር አውራ ለአውራ መቀያየር። የራሳችሁ ጎረምሳ እናቱንና እኅቶቹን ሲሰርር ከኖረ ዘሩ እየደከመ ይሄዳል፤ እንቁላሉ በደንብ አይፈለፈልም፣ ጫጩቱ ይሞታል። ከራቀ ቦታ የመጣ አውራ ይህን ያስተካክላል። ወደ አዊ ዘመድ ካላችሁ የጥሊሊ ዶሮ ብትጠይቁ አትጎዱም። በጥሊሊ አካባቢ ስም የሚጠራ የሀገረሰብ ዶሮ ነው።

አደጋው ፈንግል ነው። አዲስ የመጣ ዶሮ፣ ጤነኛ መስሎም ቢሆን፣ መንጋውን ሊጨርስ ይችላል። ሁለት ሳምንት ለብቻው፣ በሌላ ውኃ፣ በሌላ ዕቃ ይቆይ። የፈንግል ክትባት ቢሾፍቱ ይመረታል፤ ለጥቂት ዶሮ ጠርሙስ መክፈት ስለሚያስቸግር ከጎረቤት ጋር ተሰባስቦ የወረዳውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ መጥራት ይቀላል። ከአሮጌው አውራ ዘር ለመራቅ የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ቶሎ አታስታቅፉ። ሴቷ ዶሮ የአውራውን ዘር ሆዷ ውስጥ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ታቆያለች። ሦስት ሳምንት ከጠበቃችሁ ጫጩቱ የአዲሱ ነው።

እንቁላል ለመብላት ወይም ለመሸጥ ብቻ ዶሮ የያዘ ሰው ግን አውራው ለምኑ ነው? ሴት ዶሮ ያለ አውራ ትጥላለች። ይህን ስል የማያምነኝ ሰው እስካሁን አለ። የሚቀረው መፈልፈሉ ብቻ ነው። ሳሶ ወይም ቦቫንስ ብራውን የሚባሉትን የውጭ ዶሮዎች የያዛችሁማ፣ አውራ መያዙ ከጥቅሙ ልፋቱ ይበዛል። ድቅል ስለሆኑ ጫጩታቸው እናቱን አይመስልም። መታቀፉም አይሆንላቸውም። ተተኪውን የ45 ቀን ጫጩት ገዝቶ ማሳደግ ይቀላል። የሳሶ ወንድ ደግሞ ጠባዩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ክብደቱ ለሀገረሰቧ ትንሽ ዶሮ አይሆንም፤ ጀርባዋን ይጎዳታል።

አልፎ አልፎ ማስታቀፍ የሚፈልግ ሰው የጎረቤትን አውራ ይጠቀም። ነውር አይደለም። መንደሩ ሁሉ ሲጠቀም ነው የኖረው። ጫጩቱ ሲያድግ አንድ ቄብ ለባለቤቱ መስጠት ነው።

ከቀሩት የትኛው ይቅር?

የእኔን ትልቁን ስህተት አሁን ልናገር። «ያሸነፈው ይቅር» ብዬ ቀዩን አስቀረሁት። ውብ ነበር። ጅራቱ ፀሐይ ላይ አረንጓዴ ያንጸባርቃል። መንደሩ ሁሉ ያደንቀዋል። በሁለት ወር ውስጥ የሦስት ሴቶች ጀርባ ተላጠ። ሲሰርራቸው ሳይጠራ፣ ሳይዞር፣ እየሮጠ ነው የሚወጣባቸው። እንቁላል የምትጥለውን ከጎጆዋ ያባርራታል። ሲበላ ቀድሞ ጠግቦ ነው ለሴቶቹ የሚለቅ።

ገብስማው እንዲህ አልነበረም። ትል ሲያገኝ አይውጥም። በመንቆሩ ያነሣል፣ ይጥላል፣ ያነሣል፣ ይጥላል፤ «ቱክ ቱክ ቱክ» ይላል። ሴቶቹ እየሮጡ ይመጣሉ፣ ትሉን ለእነሱ ይተዋል። ጭልፊት ሲያንዣብብ በአንድ ዓይኑ ወደ ላይ አይቶ ረዘም ያለ ድምፅ ያሰማል፤ ጓሮው በሙሉ ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባል። ይህን ሁሉ አይቼ ነበር። ግን በጠብ ስለተሸነፈ ደካማ መሰለኝ። ለነጋዴው የሰጠሁት እሱን ነው። በዚያው ዓመት ጭልፊት ስድስት ጫጩት ወሰደብኝ።

ስለዚህ ስትመርጡ ጠቡን ሳይሆን መብል ሰዓትን ተመልከቱ። አንድ እፍኝ በቆሎ ጣሉና ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ጠርቶ የሚያበላውን ያዙ። የሴቶቹን ጀርባ እዩ። ክንፍ ሲያነሡ ላባው ከተቆራረጠ አውራው ከባድ ነው፣ ወይም የእግሩ እሾህ ረዝሟል። እሾሁን ጫፉን ብቻ በሞረድ ማደንዘዝ ይቻላል። አትቁረጡት፤ ውስጡ ሥጋና ደም አለው።

አንድ የማልደራደርበት ነገር አለ። ሰው የሚያጠቃ አውራ አይያዝም። የሕፃን ዓይን በአውራው ቁመት ላይ ነው። ልጅ ያለበት ግቢ ውስጥ ወደ ሰው የሚዘል አውራ ምንም ያህል ቢያምር፣ ምንም ያህል ዘሩ ቢወደድ፣ መፍትሔው ሽንኩርትና በርበሬ ነው። ገበያ ወስዳችሁም ለሌላ ልጆች ላሉት ሰው አትሽጡት።

ሰው የሚነግራችሁ ሌሎች ዘዴዎችም አሉ፤ ባጭሩ ልለፋቸው። መንቆሩን መቁረጥ ያመዋል፣ መብላትም ያስቸግረዋል። ሌሎች ደግሞ እንደ ፍየል ይኮላሽ ይላሉ። የፍየሉ ቆለጥ ውጭ ነው፣ የአውራ ዶሮው ግን ሆዱ ውስጥ፣ ከጀርባ አጥንቱ ሥር ነው። ማንም በቤቱ የሚሞክረው አይደለም። ሙክት ከፈለጋችሁ ፍየል ግዙ። ሌባ እንደያዙ በዱላ መቅጣት ደግሞ አውራውን ከሰው ጋር ጠላት ያደርገዋል፤ ሰው የሚያጠቃው አብዛኛው እንዲያ የተደበደበው ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

አሁን 11 ሴትና 1 አውራ አሉኝ። አውራው ዝግርማ ነው፤ ከደምበጫ ዘመዴ ጋር በቀዩ የለወጥሁት። ቀዩን የወሰደው እስካሁን አላመሰገነኝም። ሦስት የጥቅምት ጎረምሶች በቀርከሃው ቤት ውስጥ ናቸው። ትናንት ጠዋት ከመካከላቸው አንዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመጮኽ ሞከረ፤ ግማሹ ላይ ድምፁ ተሰበረና ራሱ ደንግጦ ዝም አለ። ዝግርማው ከውጭ አንገቱን አስግጎ ቆርቆሮውን አየ፣ አየና ወደ ሴቶቹ ሄደ። እኔም ገብቼ የፋሲካን ቀን ከቀን መቁጠሪያው ላይ አየሁ። 38 ቀን ይቀራል። በቆሎው ይበቃል።